የሰው መልእክት በእጃችን ሲያልፍ

የአንድን ሰው ማንነት ለማወቅ የራሱን ጉዳይ እንዴት እንደሚፈጽም ማየት ብዙም አይጠቅምም። የራሱን ደብዳቤ ለማድረስማ ማንም ይተጋል። ሰው የሚታወቀው የሌላው ጉዳይ በእጁ ሲያልፍ ነው። የማያውቀውን ሰው መልእክት፣ ያውም ምስጋና እንኳ የማያገኝበትን፣ ተሸክሞ የሚያደርስ አማና ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ የቆየ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ዛሬ መልእክት ተሸካሚው ሰው ብቻ አለመሆኑ፣ በኪሳችን የምንይዘው ተንቀሳቃሽ ስልክም ጭምር መሆን መቻሉ ነው።

ነገሩን ከአካባቢያችን ልጀምር። እኔ የምኖርባት ጉብሬ ከወልቂጤ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመባት ወዲህ ስሟ በሩቅ መሰማት የጀመረ ከተማ ናት። ከዚያ በፊት አካባቢያችን በይበልጥ የሚታወቀው ልጆቹን ወደ መርካቶ በመላክ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በሀገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ወደ ገጠሩ የዘለቀው ከዚያም ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ መርካቶ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ወሬ፣ ብር ወይም ነጠላ የሚደርሳት በሰው እጅ ነበር። በፖስታው ላይ «ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ» ከሚለው ዝቅ ብሎ «በአቶ እገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፋል። ያ «በኩል» የተባለው ሰው ብዙውን ጊዜ የላኪውም የተቀባይዋም ዘመድ አልነበረም።

ደብዳቤው ከአውቶቡስ ተራ በተሳፋሪ እጅ ይነሳል። ወልቂጤ ላይ ለአንድ ባለሱቅ ይሰጣል። ባለሱቁ ለገበያ ለመጣ የሰፈር ሰው ያቀብለዋል። ገበያተኛውም ወደ መንደሩ ሲመለስ ጀፎረው ላይ መጀመሪያ ላገኘው ቤት ይሰጠዋል። የአካባቢያችን ተወላጅ ያልሆነ አንባቢ ካለ፣ ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ በተሠሩ የጉራጌ ቤቶች መካከል የሚዘረጋው ሰፊ ባለ ሣር የመንደር ጎዳና ነው። ደብዳቤውም በዚያ ጎዳና ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ እናቲቱ ደጅ ይደርሳል። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱ «ለእኔ ምን አለኝ?» ብሎ ቢያስቀረው መልእክቱ እዚያው ሞቶ ይቀር ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስልክ ለስልክ መቀባበል

ብዙዎቻችን ስልካችን ከወዳጃችን ስልክ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከጎረቤቴ ጋር በአንድ አጥር ተለያይተን ብንደዋወል እንኳ ድምፃችን መጀመሪያ ወደ ታወሩ ሄዶ፣ ከዚያም በኩባንያው መስመር አልፎ ነው የሚመለሰው። ታወሩ ሥራ ባቆመ ጊዜ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስልኮች ደንቆሮ ሆነው ይቀራሉ። ሆኖም ሁለቱም ስልኮች በውስጣቸው ታወር የማይፈልግ ሌላ ትንሽ ሬዲዮ አላቸው። ወጣቶቻችን ይህንን በሚገባ ያውቁታል። መንዙማና ነሺዳ፣ የትምህርት ጽሑፍም ቢሆን በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉ ኖረዋል።

የሳይንስ ሰዎች ሐሳብ ከዚህ አንድ እርምጃ የሚቀጥል ነው። የእኔ ስልክ ከጥቂት አሥር ሜትሮች በላይ መድረስ ባይችልም ያንተ ስልክ በመካከል ካለ የእኔን መልእክት ተቀብሎ ለሚቀጥለው ሊያቀብል ይችላል። ያም ለሌላው ይሰጣል። እንዲህ እየተባለ መልእክቱ ያለ ታወር ከአንዱ የከተማ ጫፍ ወደ ሌላው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሄይቲ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በአውስትራሊያ ሰርቫል የተባለው ፕሮጀክት የተነሳው በዚሁ ሐሳብ ነው። በሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ፋየርቻት፣ በ2019 ደግሞ ብሪጅፋይ የተባሉት ፕሮግራሞች በሕዝብ ብዛት ምክንያት መስመር ሲጨናነቅና ኢንተርኔት ይዘጋል ተብሎ ሲሰጋ በብዙ ሰዎች ተሞክረዋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ነው የሚል ካለ የራሳችንን ታሪክ ያስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የአጭር ጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሳ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቆርጦ በውጭ አገርና በሌላው ክፍለ ሀገር ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን ሕይወትና ሞት ሳያውቁ ወራትን አሳልፈዋል። እዚህ ላይ የተነሳሁት ለምን ተዘጋ የሚለውን ለመከራከር አይደለም። ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። መስመር በጠፋበት ሰዓት መልእክት ማለት የእናት ድምፅ፣ የመድኃኒት ጥያቄ፣ የመርዶ ወሬ ነው። በመካከል ያለው ተቀባባይ እሺ ማለቱና እምቢ ማለቱም ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ስስታሙ ስልክ

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሌላ ሰው መልእክት ሲያልፍ የእኔ ስልክ ባትሪ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪ ማለት ገንዘብ ነው። እንግዲህ አንድ ብልጥ ሰው ተነስቶ ስልኩን የራሱን መልእክት እንዲልክና እንዲቀበል፣ የሌላውን ግን ዝም ብሎ እንዲጥል አድርጎ ቢያስተካክለውስ? ማንም አያየውም። መልእክቱ የጠፋው በእሱ እጅ ይሁን በሌላ ቦታ ላኪው አያውቅም። ይህ ሰው በራሱ ዓይን ሌባ አይደለም። ከማንም ምንም አልወሰደም። የእኔ አንድ ስልክ ብትቀር መረቡ አይበጠስም ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሁሉም እንዲሁ ያሰበ ዕለት መረቡ በአንድ ሌሊት ይሞታል። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች እንደተባለችው አህያ ማለት ነው።

ይህንን ጉዳይ ያነሳሁለት አንድ የኮምፒዩተር ተማሪ «ጋሼ፣ ስልክ ማሽን ነው። ማሽን ምን ስስት አለው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማሽን ኒያ የለውም። ስለዚህም አይመሰገንም፣ አይወቀስምም። ነገር ግን ማሽኑን እንዲያቀብል ወይም እንዳያቀብል አድርጎ የሠራው ሰው ነው፤ ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ ወይም ለውጦ የሚይዘውም ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ስስታም ስልክ በስተጀርባ የሰው ውሳኔ አለ። በመሆኑም ጥያቄው ስለ ማሽን መስሎ ይምጣ እንጂ መልሱን የሚሰጠው የሰው ልጅ ነው።

የሰው ልጅ ጥቅሙን ብቻ እያሰላ ቢተው መረቡ ራሱን ችሎ ይቆማል ወይ? ይህንን እ.ኤ.አ. በ2006 በስሌት የመረመሩ ሳይንቲስቶች ያለ ማበረታቻ ትብብር ሊኖር የሚችልባቸው ሁኔታዎች በተግባር እምብዛም የማይገኙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል ከሆነ ብድር በምድር ነው፤ ብታደርግልኝ አደርግልሃለሁ፣ ብታስቀርብኝ አስቀርብሃለሁ ማለት ይቻላል። በመልእክት ቅብብል ግን እኔ የተሸከምኩለት ሰው ሌላ ነው፣ ለእኔ የሚሸከምልኝም ሌላ ነው። ብድሩ ዞሮ የሚመለስበትን መንገድ ማንም አያየውም። ስለዚህ አንድ ማበረታቻ ያስፈልጋል ተባለ።

ክፍያ

የመጀመሪያው መድኃኒት ክፍያ ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ሌቨንቴ ቡትያንና ዣን ፒየር ሁቦ የተባሉት ምሁራን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናግሌት የሚባል የማይጨበጥ ገንዘብ አስበው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ባለቤቱ ሊነካካው የማይችል የታሸገ ቆጣሪ ይኖራል። ስልኩ የሌላውን መልእክት ባቀበለ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። የራሱን መልእክት ሲልክ ደግሞ በመንገድ ላይ ባሉት ተቀባባዮች ቁጥር ልክ ይቀነሳል። ቆጣሪው ካለቀ መላክ አይቻልም። ላብህን አፍስሰህ ብላ እንደማለት ነው።

ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ጀፎረው እንመለስና እንመርምረው። በጀፎረው መካከል ያለው ቤት ደጅ ላይ የሁሉም መልእክት ያልፋል። በዳር የመጨረሻው ቤት ደጅ ላይ ግን ማንም አያልፍም፤ ከእሱ ወዲያ ቤት የለምና። የመካከሉ ሰው በቆመበት ቦታ ብቻ ሀብታም ይሆናል። የዳሩ ሰው ለመሸከም ዝግጁ ሆኖ ሳለ የሚሸከመው ስላጣ ቆጣሪው ይደርቃል። ሌሊት ልጁ የታመመበት ዕለት «ሂሳብህ አልቋል» ተብሎ ዝም ይላል። ይህ ችግር በዘርፉ ተመራማሪዎች ዘንድም የታወቀ ነው። እኔ ግን ከቴክኒክ ችግርነቱ ይልቅ የፍትሕ ችግርነቱ ይታየኛል። ደግነትን በተሸከመው ብዛት ብቻ የሚለካ ሚዛን ዕድል ያጣውን ከስስታሙ ጋር አንድ አድርጎ ይፈርድበታል።

ክፍያ ሌላም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በሐይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። በ6ቱ መዋያዎች ልጆቻቸውን አዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። ውጤቱ ግን ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር። የሚያረፍዱት ወላጆች በዙ። ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ምክንያቱ ቀደም ሲል ማርፈድ ሰውን ማስቸገር ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን ማርፈድ የሚገዛ ዕቃ ሆነ።

እኛ ይህንን ለማወቅ ሐይፋ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በየእድራችን ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ድሃው ቅጣቱን ፈርቶ ይመጣል፤ ባለገንዘቡ ደግሞ «ቅጣቱን እከፍላለሁ» ብሎ ሱቁ ይውላል። የከፈለው ሰው ደግሞ ኅሊናው አይወቅሰውም፤ ሂሳቡን ዘግቷልና። ቅጣትም ሆነ ክፍያ ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ከእድሩ ገንዘብ ተከፍሎት በሌሊት ተነስቶ መርዶ ያሰማል፤ ክፍያው ሥራውን አላረከሰውም። ሆኖም እድሩን እድር ያደረገው የጡሩምባ ነፊው ደመወዝ አይደለም። ጡሩምባውን ሰምቶ ከሞቀ አልጋው የሚነሳው ሰው ነው።

ክትትልና ስም

ሁለተኛው መድኃኒት ክትትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ዘበኛ አቀረቡ። ስልኬ መልእክቱን ለጎረቤት ስልክ ከሰጠ በኋላ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ጎረቤቱ ለሚቀጥለው ሲያስተላልፍ ከሰማ መልካም፤ ካልሰማ ይመዘግብበታል፤ ሲደጋገምም በዚያ በኩል መላክ ያቆማል። በኮምፒዩተር በተደረገ ሙከራ ከስልኮቹ 40 በመቶው እምቢተኞች በሆኑበት መረብ ውስጥ ይህ ዘዴ የሚደርሰውን መልእክት በ17 በመቶ ከፍ አድርጓል። በአንጻሩ መንገድ ለማፈላለግና ለክትትል የሚባክነው ልውውጥ ከ9 ወደ 17 በመቶ አድጓል። መጠባበቅም ዋጋ አለው ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የዘረዘሩት የዘበኛው ድክመት ነው። ጎረቤቱ አስተላልፎ ሳለ በዚያች ቅጽበት ሌላ ድምፅ ስለገባ ላይሰማ ይችላል። ወይም ጎረቤቱ እኔ እንድሰማው ያህል ብቻ አንሾካሽኮ ለሚቀጥለው እንዳይደርስ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ያልሰማሁት ሁሉ አልተደረገም፤ የሰማሁትም ሁሉ ደርሷል ማለት አይቻልም። ሌላም አለ። በዚህ ዘዴ እምቢተኛው አይቀጣም። መልእክቱ በሌላ መንገድ ይዞራል እንጂ። ሥራ አበላሽቶ ሥራ የሚቀነስለት ሠራተኛ ያህል ነው፤ ሸክሙ ሁሉ ደጉ ላይ ይወድቃል።

ይህንን ለማረም በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለት ሐሳቦች ቀረቡ፤ ሁለቱም በስም ላይ የቆሙ ናቸው። ኮንፊዳንት የተባለው ስልኮች «እገሌ መልእክት ይጥላልና ተጠንቀቁት» እየተባባሉ እንዲያስጠነቅቁ ያደርጋል። ኮር የተባለው ደግሞ ከሌላ የሚሰማ በጎ ምስክርነትን ብቻ ይቀበላል፤ ክፉ ምስክርነት በሐሰት ስም ለማጥፋት ሊውል ይችላልና። ውድ አንባቢያን፣ እነዚህ የማሽን ጠበብት ሳያስቡት የደረሱበት ጥያቄ የሐሜት ጥያቄ ነው። የሰውን ነውር መናገር መቼ ይፈቀዳል?

በዚህ ረገድ የእኛ ዑለማእ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ልምድ አላቸው። የሐዲስ እውቀት በመሠረቱ የመልእክት ቅብብል እውቀት ነው። እያንዳንዱ ሐዲስ ከሰው ወደ ሰው የተቀባበሉትን ሰዎች ሰነድ ይዞ ይመጣል። ኢማሙ ቡኻሪ (በ256 ዓ.ሂ. ያረፉት) እና ሌሎቹም ታላላቅ ሊቃውንት ሐዲሱን ከመቀበላቸው በፊት በሰንሰለቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ሰው መርምረዋል። ጊባ በእስልምና ከባድ ኃጢአት ነው። ሆኖም ኢማሙ ነወዊ ጊባ ከሚፈቀድባቸው ስድስት ሁኔታዎች አንዱ ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ መሆኑን ሲዘረዝሩ የሐዲስ አስተላላፊዎችን ጉድለት መግለጽን በምሳሌነት አንስተዋል። የተፈቀደው ግን ያለ ልጓም አይደለም። አያሌ ሊቃውንት ምክንያቱ ያልተብራራን ነቀፋ አይቀበሉም ነበር። ከሁሉ በላይ የሚዋሸውን ሰው የማስታወስ ችሎታው ከደከመው ሰው ለይተዋል። የሁለተኛው ሐዲስ ደካማ ይባል ይሆናል፤ ሰውየው ግን ውሸታም አይባልም።

ከመልእክት ጣይ ስልክ ጋር ስናስተያየው ይህ ልዩነት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ባትሪው ያለቀበት ስልክ፣ በዳር ያለ ስልክ፣ አሮጌ ስልክ ደካማ ነው። ባትሪው ሞልቶ፣ መልእክቱ ደርሶት፣ እያወቀ የሚጥል ግን ከሃዲ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስም የሚሰጥ ሥርዓት ግፍ ይሠራል። ሚዛኑ «ስንት ተሸከመ?» ሳይሆን «መሸከም ሲችል እምቢ አለ ወይ?» የሚል መሆን አለበት።

ማዑን

እንግዲህ በበኩሌ ያለኝን ልናገር። የሌላ ሰው መልእክት ማቀበል ከሸቀጥ ይልቅ ማዑን ከሚባለው ጋር ይቀርባል ባይ ነኝ። ከቁርአን ምዕራፎች 107ኛው በዚህ ቃል ይጠራል። ሙፈሲሮች ቃሉን ሲያብራሩ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰውን ትንሽ ነገር፣ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ መጥረቢያውን ያነሳሉ። መጥረቢያ ማዋስ ባለቤቱን አያደኸየውም፤ እንጨት መፍለጫ ያጣውን ቤት ግን ያሞቀዋል። ትንሽ ነገር መከልከል ከባድ ነውር የሆነውም ለዚህ ነው። ለሰጪው ቀላል፣ ለተቀባዩ ግን ከባድ የሆነን ነገር የነፈገ ሰው ድህነትን ሰበብ ማድረግ አይችልም።

ነገሩ ትንሽ እንደሆነ ሲቆይ ሰው እሺ እንደሚል የሚያሳይ የዘመናችን ምስክር አለ። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባስፋፋው ፋይንድ ማይ በተባለው አገልግሎት የጠፋ ስልክ ያለበትን ቦታ በአጠገቡ የሚያልፉ የማያውቃቸው ሰዎች ስልኮች ተቀብለው ለባለቤቱ ያደርሳሉ። ክፍያ የለም፣ ስም መመዝገብም የለም። የሚወስደው ባትሪ እጅግ ጥቂት ነው፤ መልእክቱም ተቀባባዩ ሊያነበው እንዳይችል የታሸገ ነው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች በዚህ ይሳተፋሉ። ሆኖም አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ መሳተፋቸውን አያውቁም፤ አገልግሎቱ ቀድሞ የበራ ነውና። የሰው ሐቅ ሳይጠየቅ አይነካም። ደግሞም ኒያ የሌለበት ሥራ ለባለቤቱ ምን አጅር ይኖረዋል? እኔ ባላውቀው ስልኬ የሠራው ደግነት የእኔ አይደለም። አንድ ጊዜ በግልጽ በራሴ ቋንቋ ተጠይቄ እሺ ብዬ ከሆነ ግን ስልኬ በኪሴ ተኝቶ ሳለ የሚያቀብለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው።

ማሸጉም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከላይ ያነሳሁት ብሪጅፋይ በ2020 እ.ኤ.አ. በተመራማሪዎች ሲፈተሽ መልእክቶቹ በሌላ ሰው ሊነበቡና ላኪዎቹም ሊታወቁ እንደሚችሉ ተደርሶበታል። በችግር ሰዓት ያመኑት ሰዎች በተከፈተ ፖስታ ነበር የሚጻጻፉት ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ለተለያዩ ቤተሰቦች ያደርሰው የነበረው መልእክትም ክፍት ነበር፤ ነገር ግን ክፍት መሆኑን ላኪው ያውቃል፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። ክፍት መሆኑ በግልጽ ከተነገረ አማና አልፈረሰም። የታሸገ ነው ተብሎ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ግን ክህደት ነው።

እዚህ ላይ «በታሸገው ውስጥ ክፉ ነገር ቢኖርስ? ሳላውቅ ለክፉ ሥራ ተባባሪ አልሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ከባድ ጥያቄ ነው። የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ፖስታ የሚያደርስ ሰው የሚጠየቀው ስላወቀው ነገር ነው። ሁሉንም ካልከፈትኩ አላደርስም ቢል ወደ ስለላ ይገባል፤ የሰውን ምስጢር መሰለል ደግሞ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ይህ ምክንያት በቴሌግራምና በፌስቡክ ያገኘውን ወሬ አንብቦ ለሌላው ለሚያሰራጭ ሰው አያገለግልም። እሱ ይዘቱን ያውቃል። ስለዚህ ፖስታ አድራሽ ሳይሆን ተናጋሪ ነው፤ ስላስተላለፈው ውሸትም እንደ ተናጋሪ ይጠየቃል። የሚያሳዝነው ዛሬ ብዙዎቻችን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። ያነበብነውን ያልተጣራ ወሬ ለመቶ ሰው ለመላክ ባትሪያችን አያሳሳንም።

ምን ይደረግ?

ይህንን ሙያ ለሚማሩ ወጣቶቻችን፣ በተለይም በእኛው በጉብሬ ለሚገኙት፣ ያለኝን ሐሳብ ባጭሩ ላስቀምጥ። እንዲህ ያለ መረብ የሚሠራ ሰው ባለስልኩን አስቀድሞ ይጠይቀው። ባትሪው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ስልኩ ከግዴታ ነጻ ይሁን፤ የደከመ ሰው ሸክም አይጨመርበትምና። መልእክቱ በእርግጥ የታሸገ ይሁን። ሂሳብ የሚቆጠር ከሆነም በዳር ላለው ሰው መነሻ ይሰጠው፤ የሕመም፣ የመርዶና የአደጋ መልእክት ደግሞ ከማንም ሂሳብ ሳይቀነስ ይለፍ። እምቢተኛ የተባለ ስልክ በአንድ ቀን ጥፋት ለዘላለም አይዘጋበት። ምክንያቱ ይገለጽ፣ ሲታረምም ስሙ ይመለስ። ተውበት ለሰው ከተፈቀደ ሰው ለሚይዘው ስልክ አይከለከልም።

«እንዲህ ከላላ ስስታሙ ይጠቀምበታል» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ጥቂቱ ይጠቀምበታል። ነገር ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለአካባቢያቸው መንገድ ለማሠራት በተነሱ ጊዜም ያላዋጣ ሰው አልጠፋም ይሆናል። ያላዋጣ አይሂድበት ተብሎ ግን በመንገዱ ላይ በር አልተሠራም። መንገዱ ያላዋጣውንም፣ የእሱን በሽተኛ እናትም አሳልፏል። ስስታሙን ሙሉ በሙሉ ለመከልከል የሚወጣው ወጪና የሚበደለው ንጹሕ ሰው ብዛት ስስታሙ ከሚያደርሰው ጉዳት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ያንን ልክ ማወቅ የፍትሕ ሥራ ነው፤ ለስሌት ብቻ የሚተው አይደለም።

ከእኛ ከተራው ባለስልክ የሚጠበቀው ደግሞ ቀላል ነው። የማናውቀው ሰው መልእክት በእጃችን እንዲያልፍ አንድ ቀን ስንጠየቅ «ለእኔ ምን አለኝ?» ከማለታችን በፊት ወላጆቻችን «በእገሌ በኩል» የተባለውን ፖስታ ተቀብለው ምን ያደርጉ እንደነበር እናስብ። መንገደኛው ደብዳቤውን ሲያቀብል ተቀባይዋ እናት ማን እንደሆነች አይጠይቅም ነበር። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።